ወደ ሐይቅ ዳርቻ ስንወርድ ከጓዛችን የጎደለው

ለዚህ ወር የመረጥኩት ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ወሬ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የማወራችሁ ስለ ሽርሽር ነው፤ ያውም ስለ ሐይቅ ዳርቻ ሽርሽር። «በዚህ የኑሮ ውድነት ማን ነው የሚንሸራሸረው?» እንዳትሉኝ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ለዒድ፣ ለሠርግ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ከደብረ ታቦር ወርዶ ጣና ዳር ያልተቀመጠ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ዘመድ ያለው እስከ ሐዋሳና ላንጋኖ ይዘልቃል። ከውጭ አገር የመጣ ወንድም ወይም እህት ያለው ደግሞ ስለ ዛንዚባርና ስለ ሞምባሳ ዳርቻ ማውራት ጀምሯል። እኔ በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል የማገኘው ሽርሽሩን ሳይሆን ከሽርሽሩ በኋላ የሚመጣውን ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። «ሙስሊም ቤተሰብ ሽርሽር ምን ያደርግለታል?» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ ስላልሆነ እሱን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ። ይሁን እንጂ ሶላቱን በወቅቱ ሰግዶ፣ አለባበሱን ጠብቆ፣ ከቤተሰቡ ጋር የአላህን (ሱ.ወ) ፍጥረት እየተመለከተ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ለደም ግፊትም፣ ለጭንቀትም፣ ለትዳርም ጥሩ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ቅሬታዬ በአወራረዳችን ላይ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም የዒድ አል-አድሐ በዓል የዋለው በመስከረም አጋማሽ ገደማ ነበር። ሻሸመኔ የምትኖረው አክስታችን «ዘንድሮ ዒድን ከእኔ ጋር ካላደረጋችሁ ዝምድናችን አበቃ» ብላ ስለማለች እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጇና እኔ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አድርገን ሄድን። የመንገዱን ድካም አልነግራችሁም። ከበዓሉ ማግስት አክስታችን ሁላችንንም በአንድ ሚኒባስ ጭና ላንጋኖ ዳር ካሉት ማረፊያዎች ወደ አንዱ ወሰደችን። አንድ ሌሊት ልናድር ነው።

ላንጋኖን ላላየ ሰው የውሃው ቀለም ያስደነግጣል። ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። የእህቴ ልጅ «ይሄ ጭቃ ነው እንዴ?» አለ። ቡናማ ያደረገው በውስጡ ተንሳፎ የማይዘቅጠው ደቃቅ አፈር ነው። ዳርቻው ግን አሸዋ ነው፤ ለእግር የሚለሰልስ፣ ለልጅ መጫወቻ የተመቸ አሸዋ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ የእኛ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እንግዲህ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደናል ማለት ነው። ሙቀቱ ያንኑ ቀን ተሰማን። እናቴ ካፖርቷን ጥላ ቀጭን ነጠላ ብቻ ስትደርብ ከስንት ዓመት በኋላ እንዳየኋት አላስታውስም።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልበል፤ የዚህ ዓምድ ጉዳይም ነውና። እናቴ ከኡድሒያው ሥጋ ቀይ ወጥ ሠርታ በሰሐን ክዳን ከድና ይዛ ነበር። አገራችን ደጋ ስለሆነ ጠዋት የተሠራ ወጥ ማታም፣ አንዳንዴም በነጋታው ሲበላ ኖሯል። ብርዱ ጠባቂያችን ነው። ይህ ልማድ ከእኛ ጋር ቆላ ሲወርድ ግን ጠላት ይሆናል። በሚኒባሱ ሙቀት ተቀቅሎ ስምንት ሰዓት ላይ የተከፈተውን ወጥ አክስቴ አሽትታ «ይደፋ» አለች። እናቴ ደግሞ «የኡድሒያ ሥጋ ይደፋል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። በረካውን ላለማጣት በልተን ሌሊቱን ሦስታችን መጸዳጃ ቤት ስንመላለስ አደርን። በሙቀት ቦታ የበሰለ ሥጋ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ካደረ ሽታው ባይለወጥም እንኳ አትመኑት። ዳግመኛ ማሞቅም ሁልጊዜ አያድነውም፤ አንዳንዱ ተሕዋስ የሚተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ለመንገድና ለዳርቻ የሚሆነው የአባቶቻችን ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ የጉና ድንች። በሶ በንጹሕ ውሃ ከጨው ጋር ተበጥብጦ ሲጠጣ ላብ የወሰደውን ጨውና ፈሳሽም ይመልሳል። ተቅማጥ ከያዘ ግን በሶው አይበቃም፤ ኦ.አር.ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ተበጥብጦ ይጠጣ። ሁለት ሦስት ፓኬት ከጓዝ ውስጥ መያዝ ምንም አይከብድም።

እዚያው ዳርቻ የሚሸጠው ዓሣ ሌላው በረካ ነው። እኛ ሙስሊሞች ከቤት ወጥተን ስንበላ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሥጋው የማን ነው?» የሚለው መሆኑ ይታወቃል። ዓሣ መታረድ ስለማያስፈልገው ከዚህ ጭንቅ ያሳርፋል፤ ክርስቲያን ጎረቤትም አብሮ ይበላል። የተጠበሰበት ዘይትና መጥበሻ ምን እንደነካው መጠየቅ ግን አይከፋም። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁ። እኔ አልመክርም። ዓሣ በተለያዩ ጥገኛ ትላትሎች ሊያዝ ይችላል፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ይብሰል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የንጋቱን ነገር ነው። ሱብሒ ሰግደን ወንዶቹ ገና ሳይወጡ፣ ሌሎች እንግዶችም ተኝተው ሳሉ ሴቶቹ ብቻችንን ከነልብሳችን ወደ ውሃው ገባን። ብዙ ጊዜ በሽርሽር ላይ እናቶች የሚሠሩትን ታውቃላችሁ፤ ምጣድና ሰሐን ይዘው ይወርዳሉ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያበስላሉ፣ ልጅ ይጠብቃሉ፣ ማታ ሰሐኑን አጥበው ይመለሳሉ። ውሃውን የሚነኩት ለዕቃ ማጠቢያ ብቻ ነው። እናቴ እስከ ወገቧ ገብታ እህቴና እኔ በሁለት በኩል ደግፈናት በጀርባዋ ጋደም አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስሸከም ኖሬ ዛሬ ውሃ ተሸከመኝ» አለችና ሳቀች። ለዚህች አንዲት ንጋት ስል ሽርሽርን አልቃወምም። ማረፊያ ቤቶችም ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ቢመድቡ ገበያቸው የሚጨምር ይመስለኛል፤ በመዋኛ ገንዳው ደጃፍ «በዚህ ልብስ አይገባም» ተብለን የተመለስን ስንት ነን? ልጆቻችንም ዋና ይማሩ። ከኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) የተላለፈ ነው ተብሎ ዋናን ልጆችን ስለማስተማር ሲመከር በየመድረሳው እንሰማለን፤ የእኛ የደጋ ልጆች ግን ከጉልበት ያለፈ ውሃ አይተው አያውቁም። የማይዋኝ ልጅ ዳርቻ ላይ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ከዓይን ሊጠፋ አይገባም።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ እናቴን አዞራት። ልብ ያላልኩት ነገር ነበር። ለደም ግፊቷ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ትወስዳለች። ሌሊቱን ተቅማጥ ነበራት፤ ቀኑ ደግሞ የሚያልብ ሙቀት ነው። ፈሳሽ በሦስት በኩል ሲወጣ ግፊቷ ወረደ። ጥላ ሥር አስተኝተን፣ እግሯን ከፍ አድርገን፣ ኦ.አር.ኤስ በየደቂቃው ስናጠጣት ተሻላት። አጎቴ በድሮ ጊዜ ወደ አሰብ የጭነት መኪና ይነዱ ነበርና «ባሕር ለማየት ሄደን ጥላ ፍለጋ እንውል ነበር» ሲሉ የምስቀው ያኔ ገባኝ። የደጋ ሰው ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሽርሽሩ ደግሞ ሁለት ቀን ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመውረዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ራሱ ግን አያቋርጥ። ኢንሱሊን የሚወጋ ደግሞ መድኃኒቱን በመኪና ውስጥ አይተው፤ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለበት ማሰሮ ውስጥ ቢያስቀምጠው ይሻላል። በረዶ ግን አይንካው፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉን ነው።

ማታ መግሪብ ሰግደን ዳርቻው ላይ ተቀምጠን ነበር። ነፋሱ ደስ ይላል። ልጁ እጅጌ ጉርድ ልብስ ለብሶ በአሸዋው ላይ ሲጫወት አመሸ። የመኝታ ክፍላችን አልጋ አጎበር ነበረው፤ ሆኖም ሙቀቱ አላስተኛ ስላለን እኔው ራሴ፣ በእጄ፣ አጎበሩን ጠቅልዬ ከላይ ቋጠርኩት፤ መስኮቱንም ከፈትኩ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት መሆኑን ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። ዳሩ ግን የተማርኩትን ደብረ ታቦር ትቼው የወረድኩ ያህል ነበር። እኛ ዘንድ አጎበር የሚሰቅል ሰው አላየሁምና።

ወደ ቤታችን ተመለስን። ከላንጋኖ በተነሳን በ11ኛው ቀን ልጁን አተኮሰው። ራሱን አመመው፤ ብርድ ብርድ አለው፤ አስመለሰው። እናቴ ወዲያው «ምች ነው፤ ከመንገድ የመጣ ምች» አለች። ዳማከሴ ታሽቶ ተጨመቀለት። እኔም ከመድኃኒት ቤት የፓራሲታሞል ሽሮፕ አምጥቼ ሰጠሁት። ትኩሳቱ በላብ ወረደ። ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ፤ ምች ነበር» አልን። ማታ ተመለሰ። እንደገና ሽሮፕ፤ እንደገና ወረደ። በሁለተኛው ቀን እህቴ «ሆስፒታል እንውሰደው ይሆን?» ብላ ስትጠይቀኝ «ዛሬን እንየው፤ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል» ያልኳት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ ዓይኑን ገልብጦ ተንቀጠቀጠ። እህቴ አዝላው ስትሮጥ ነጠላዋ ከትከሻዋ መውደቁን እንኳ አላወቀችም።

ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለን ባለሙያ ገና ልጁን ሲያይ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር። «ከከተማ ወጥታችሁ ነበር?» አለ። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ደሙ ተመረመረ፤ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ነው። በአርቴሱኔት መርፌ ተጀምሮ በኮአርተም ተጨረሰ። ልጁ በአላህ ፈቃድ ዳነ።

ያችን ጥያቄ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አልጠየቅኩም። የወባ መድኃኒት በየወሩ የምቆጥረው፣ የሚያበቃበትን ቀን የማየው፣ ለሰው የማስረዳው እኔ ነኝ። ከልጁ ጋር በአንድ ክፍል ያደርኩትም፣ አጎበሩን የቋጠርኩትም እኔ ነኝ። «ደብረ ታቦር ወባ የለም» የሚለው አባባል ግን ከትምህርቴ በልጦ አእምሮዬን ዘግቶት ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማዋረድ አይደለም፤ ባለሙያዋ እንዲህ ከተታለለች ሌላው እናት እንዴት አይታለል ብዬ ነው።

ነገሩን ትንሽ ላብራራው። ወባ በአገራችን በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ስለዚህ በደጋ የምንኖር ሰዎች ከትንኟ ተርፈናል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ ሰውነታችን በሽታውን አያውቀውም። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ ያዳበረው የተወሰነ የመከላከል አቅም አለው። የደጋ ልጅ ምንም የለውም፤ አንዲት ንክሻ ትበቃዋለች። አያቶቻችን ይህን በመራር መንገድ አይተውታል። በ1950 ዓ.ም ክረምትና በ1951 ዓ.ም መጀመሪያ ወባ ከለመደው ቆላ አልፎ ወደ ወይና ደጋው በወጣ ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ታሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። የሞቱትም ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ።

ደግሞም ለወባ ላንጋኖ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ታቦር ወረታ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዓለም በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው የፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ሩዝ የሚዘራበት፣ ውሃ የሚተኛበት፣ ትንኝ የሚራባበት። ሊቦ ከምከምም ደራም እንዲሁ ናቸው። ጠዋት ለሠርግ ወርዶ አንድ ሌሊት አድሮ የሚመለስ ሰው «መንገድ ሄጄ ነበር» ብሎ እንኳ አይቆጥረውም። እኔ ሽርሽር ያልኩት እሱንም ይጨምራል።

መንገደኛ በሽታ ይዞ ሊመለስ እንደሚችል የእኛው ዞን በ1997 ዓ.ም በካላዛር ተምሯል። ሊቦ ከምከም ላይ ሰው በማይታወቅ ትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ነበር። ኋላ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። በሽታውን ያመጡት ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ወርደው የተመለሱ ወገኖቻችን ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። ያን ጊዜ ችግሩ ከእኔ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሁሉም ትኩሳት ወባ ተባለ። ስለዚህ «ቆላ ወርጄ ነበር» ብሎ መናገር እንጂ በግምት የወባ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ መፍትሔ አይደለም። እኛ ዘንድ መጥተው «ወባ ስለያዘኝ ኮአርተም ስጪኝ» የሚሉ ደንበኞች ስመልሳቸው ይቀየሙኛል። ይቀየሙ። የጣት ደም ጠብታ በሩብ ሰዓት ውስጥ መልስ በምትሰጥበት ዘመን በግምት መዋጥ ምን ይባላል?

ሃይማኖታችን ለመንገደኛ ያደረገለትን እንመልከት። ሙሳፊር ሶላቱን ያሳጥራል፤ በረመዳን ቢሆን ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል። ይህ ሁሉ የመንገድ ችግር በሰውነት ላይ መኖሩን አላህ (ሱ.ወ) ስለሚያውቅ የተሰጠ ማቅለያ ነው። እኛ ማቅለያውን እንቀበላለን፤ ሰውነታችን መንገደኛ መሆኑን ግን እንረሳለን። «አላህ ይጠብቀናል» እንላለን፤ እውነት ነው ይጠብቀናል። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው የመለሱለትን ከመድረሳ ጀምሮ የማያውቅ አለ? የአጎበሩ ገመድ ለእኔ ያች የግመሏ ገመድ ናት።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ፤ ለአብዛኞቻችን ቅርቡ ዳርቻ እሱ ነውና። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ እንደሌለበት በሰፊው ይነገርለታል። ጣና ግን እንደዚያ አይደለም። በባሕር ዳርም፣ በጎርጎራም፣ በዙሪያውም የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው። የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው በዳርቻው ሣርና ቄጠማ ሥር በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከእነሱ የወጣው እጭ በዓይን አይታይም፤ ቆዳ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በከረረበት የእኩለ ቀን ሰዓት ነው፤ ልጆቻችን ለመንቦጫረቅ በሚመርጡት ሰዓት ማለት ነው። የሚሰማ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ወይም ትንሽ ማሳከክ። ወራት ቆይቶ ሆድ ቁርጠት፣ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ዓመታት ቆይቶ ደግሞ የጉበት ጉዳት ይመጣል። ዳሩ የሣር ቦታ ከሆነ ልጅ አይግባ። ከገባም ቶሎ ወጥቶ በፎጣ በደንብ ይታሽ፤ ማሸት ቢቀንሰውም ዋስትና ግን አይደለም። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰገራ ማስመርመር ይገባል፤ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት እንደ ክብደቱ ይሰጠዋል። ርካሽ ነው፤ ጥሩም ይሠራል። ቶሎ ብሎ መዋጥ ግን አይጠቅምም፤ ገና ያልጎለመሰውን ትል በደንብ አይገድለውም።

ቢልሃርዚያ የሚቀጥለው ሰው ውሃ ዳር ስለሚጸዳዳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን፣ በውሃ መቅጃና በጥላ ሥር መጸዳዳትን እንደከለከሉ ልጅ ሆነን ስንማር ጉዳዩ የጦሃራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የመድኃኒት ትምህርት ስገባ የጥገኛ ትላትል ምዕራፍ ላይ የመድረሳው ኡስታዜ ድምፅ ትዝ አለኝ። ለሽርሽር ሄደን ልጃችንን ከሣሩ ጀርባ የምናስቀምጥ እናቶች፣ የሚቀጥለውን ቤተሰብ ልጅ እያሳመምን መሆኑን እናስብ።

ወደ ኮአርተም ልመለስ፤ የሚሳሳቱበት ሰዎች ብዙ ናቸውና። መድኃኒቱ 6 ጊዜ ነው የሚወሰደው፤ በቀን ሁለቴ፣ ለ3 ቀን። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢጠፋም መጨረስ ግድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በባዶ ሆድ አይወሰድም። ሰውነት በደንብ የሚቀበለው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ የነካው ገንፎ፣ ዘይት ያለበት ሽሮ። «ለታመመ ሰው ቅባት አይሰጥም» የሚለው የሠፈራችን ደንብ እዚህ ላይ አይሠራም። ምግብ እምቢ ያለ ልጅ ቢያንስ አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣበት። በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያው መጠን ይደገምለታል። በረመዳን የታመመ ሰው ደግሞ እስከ መግሪብ ብሎ አያዘግየው፤ ለሕሙም የተሰጠውን ፈቃድ ይጠቀምበት። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ መስከረም ላይ ቆላ የወረደ ሰው ጥር ላይ ቢያተኩሰውም የመስከረሙን ጉዞ ለሐኪሙ ይንገር።

አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒትም አለ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላም 4 ሳምንት በየቀኑ ይወሰዳል። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም፤ ቆዳንም ለፀሐይ ቃጠሎ ያጋልጣል። የሐኪም ትዕዛዝ ያስፈልገዋል። ብዙው ሰው ቤቱ በገባ ማግስት ስለሚያቋርጠው እኔ በበኩሌ ከመድኃኒቱ ይልቅ አጎበሩን አምናለሁ። አጎበር ታጥፎ ከአንድ ጋቢ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው።

በአውሮፕላን ለሚሄዱትም ጥቂት ልበል። ዛንዚባር ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛን የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠይቃል። ስሙ ያሳስታል እንጂ ቢጫ ወባ ከወባ ጋር አይገናኝም፤ ክትባቱም ወባን አይከላከልም። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ ሩጫ ዋጋ የለውም፤ አንዴ የተከተበ ሰው ግን ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል። ዑምራ አድርገው ጅዳ ላይ ቀይ ባሕርን አይተው ለሚመለሱት የማጅራት ገትር ክትባትም እንዲሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ጅቡቲ ዘመድ ጋ ለሚሄዱ ደግሞ፣ «ከተማ ስለሆነ ወባ የለም» የሚለውን ይተዉት። በከተማ የውሃ ታንከርና በርሜል ውስጥ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ እዚያ በ2012 እ.ኤ.አ ከተገኘች ወዲህ ወደ እኛም ገብታ ድሬዳዋን በ2022 እ.ኤ.አ አሳምማለች።

እኔ ከዚያ ዒድ ወዲህ የትኩሳት መድኃኒት የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ሽሮፑን ከመደርደሪያው ከማውረዴ በፊት «ባለፈው አንድ ወር የት ነበራችሁ?» እላለሁ። አንዳንዱ «ምን አገባሽ?» ይለኛል። አንድ አባት «ሕፃን ልጅ የት ይሄዳል?» ብለው ተቆጥተው ከበሩ ሲደርሱ ተመልሰው «ወረታ አያቱ ጋ አድሮ ነበር» አሉኝ። ሽሮፑን አልሸጥኩላቸውም ማለት አይደለም፤ ሸጥኩላቸው፤ ግን ወደ ጤና ጣቢያው እየተጣደፉ ሲወርዱ በመስኮቱ አይቻቸዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ያን ጉዞ በሽታውን ረስቶ አሸዋውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። እናቴም ላንጋኖን ደግሜ ሳላይ አልሞትም ትላለች። አሁን ለየትኛውም ጉዞ ጓዝ ሲሸከፍ በሶውን ሳትጠይቅ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «አጎበሩን ያዝሽ?» ብላ ነው።